ከሰው አፍ የወጣ ጥሩምባ

አስረስ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክሮ ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል የራሱን ጥሩምባ ሰማ።

“ማን ሞተ?” አለች ሚስቱ ዓለምዘውድ፣ ከአልጋዋ ላይ በክርኗ ቀና ብላ።

“እኔ ምን አውቄ።”

“እንዴት አታውቅም? የሰፈሩ ጥሩምባ ነፊ አንተ አይደለህ?”

“ይኸው ዳቦ እየበላሁ! በየት በኩል ልንፋው?”

“ታዲያ ይሄ የሚነፋው ማነው?”

አስረስ ጆሮውን ሰጠ። ሦስት ረጃጅም፤ ቀጥሎ አንድ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ መሬት ሊነካ ሲል እጥፍ ብሎ ቀና የሚል። ያቺን የመጨረሻዋን እጥፋት በቡታጅራ ከእሱ በቀር የሚችላት የለም።

“እኔ ነኝ” አለ።

ዓለምዘውድ እጇን ዘርግታ ግንባሩን ዳሰሰችው። ከዓመት በላይ በልብ ሕመም አልጋ ላይ የዋለችው እሷ፣ ትኩሳቱ የሚለካው የእሱ።

“ነገሩ ገብቶኛል” አለ አስረስ ዳቦውን አስቀምጦ። “ሳላሀዲን ነው። ይሄ ልጅ ዛሬ ጉድ አፈላ።”

አስረስ በደርግ ጊዜ የጦሩ ሙዚቀኛ ነበር። ጦሩ ሲበተን ሌላው መሣሪያውን አስረክቦ ወደየአገሩ ሲገባ፣ እሱ ትራምፔቱን በጋቢ ጠቅልሎ አስተማሪ ሚስቱ ወደ ተመደበችበት ወደ ቡታጅራ መጣ። ቡታጅራ ለትራምፔት የሚሆን ሥራ አልነበራትም። ሆቴሎቹ አንድ አንድ ኦርጋን አስመጥተው ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ የሚነፋውንም ሁሉ ለአንድ ሰው ጣት አሸክመው ነበር። የፈለገው እድሩ ብቻ ነው። የቀድሞው ነፊ አርጅቶ ጥሩምባው ጥጃዋ እንደ ጠፋባት ላም ያገሳ ስለነበር “ትችላለህ?” አሉት። ቻለ፤ እንዲያውም አበዛው። ትራምፔቱን ይዞ ማለዳ ሦስት ዙር ሰፈሩን ሲዞር፣ አልጋው ውስጥ ያለ ሰው ከማዘኑ በፊት ትንሽ ያዳምጥ ነበር። የእድሩ ዳኛ ሀጂ ሸምሶ አንድ ቀን ጠርተው፣ “አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ጥራልን አልን እንጂ ሰርግ ጥራልን አልንህ?” ብለውታል። ግን ማንም ይቅር አላለም። እሱ ያልነፋለት ሟች ጎዶሎ የሞተ መስሎ መታየት ከጀመረ ቆይቷል።

አስረስና ዓለምዘውድ ልጅ አልወለዱም። ዘመድ የሚሉት ከቡኢ ወዲህ የላቸውም። ዓለምዘውድ ሕመሙ ሲጠናባት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ሞቱን አልፈራሁም፤ ባዶ ቀብር ነው የምፈራው። እናቴን የተሸከሟት አራት ሰዎች ነበሩ፣ አስረስ። አራት! የሚቀይራቸው አጥተው መንገድ ላይ አስቀምጠዋት እረፍት አደረጉ። እናቴን መሬት ላይ አስቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ።”

“ጥሩምባው በእጄ እያለ?” ይላት ነበር። “ቡታጅራን ግልብጥ አድርጌ ነው የማመጣልሽ። መሸከሚያውን ሲሻሙ ትሰሚያለሽ።”

“ሞቼ?”

“አንቺ ምን የማትሰሚው ነገር አለ?”

እንግዲህ አስረስ ያንን ጥሩምባ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው ለዚህ ነበር። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ሳላሀዲን የሀጂ ሸምሶ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው፣ ጸጉሩን ማበጠር የረሳ ሰው ነው። ወንድሙ ከጅዳ የላከለት ኪቦርድ የሰጡትን ድምፅ ሁሉ ውጦ በፈለጉት ቁልፍ ላይ መልሶ የሚተፋ ዓይነት ነበር። ሌላው ቢሆን የአዲስ አበባን ዘፈን ይቀዳበት ነበር፤ ሳላሀዲን የማረቆን በርበሬ የሚፈጨውን ወፍጮ ሞተር ቀዳበት። ሞተሩን ከበሮ አደረገው፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ጨመረበት። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሲቀዳ ያስነጠሰውንም አላወጣውም፤ በየስምንት ምቱ አንድ ጊዜ “እጥሽ!” ይላል። ያንን የለመድነውን የጉራጌ ጭብጨባ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ ከስር አነጠፈው። የሰፈሩ ልጅ ሙስተፋ ቤዝ ጊታር ይዞ ገባ፤ ከጊታሩ አራት ክሮች አንዱ የሳይክል ፍሬን ሽቦ ነው። ከላይ አስረስ በትራምፔቱ እንደ ልቡ ይሄድበታል።

አንድ ጊዜ ወልቂጤ ለውድድር ቀርበው ነበር። ጨርሰው ሲቆሙ ከዳኞቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ፣ “ይሄ የየትኛው ወረዳ ባህል ነው?” አለ። ሙስተፋ ቀልጠፍ ብሎ፣ “የወፍጮ ቤቱ ነው፣ ጌታዬ” አለው። ከአራት ቡድን አራተኛ ወጥተው በሚኒባስ እየሳቁ ተመለሱ። አስረስ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም።

አንድ ቀን ሳላሀዲን የእድሩን ጥሪ ራሱን ሊቀዳው እንዲነፋለት ለመነው።

“ሰው ሳይሞት አይነፋም” አለ አስረስ።

“ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ማንም አይሰማም።”

መስኮቱን ዘግተው፣ አስረስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነፋው። ሳላሀዲን ሁለት ቀን ሲጎረጉረው ሰንብቶ አስጠራውና አሰማው። ሦስቱ ረጃጅሞች መጡ። አራተኛውም እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። ያቺ እጥፋት ላይ ሲደርስ ቤዙ ከስር ገብቶ ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ ብድግ አደረገው፤ ወፍጮውም ተነሳ፣ ፈረሱም መጣ። አስረስ ስንትና ስንት ሰው ወደ መቃብር የሸኘበት ድምፅ ከወደቀበት ሲነሳ ያን ቀን ሰማ። ዓይኑን ጠረገና፣ “ይሄ በርበሬ ኪቦርዱም ውስጥ ገብቷል እንዴ?” አለ።

አስረስ ዳቦውን ትቶ በተነሳበት ማለዳ ሳላሀዲን በውሰት ያመጣውን ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ሰክቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ ሊሞክረው የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነ። የሰፈሩ ሰው ጥሩምባውን እንጂ የሚጠራ ስም አልሰማም። ድምፁ የመጣው ግን ከሀጂ ሸምሶ ግቢ ነው፤ ሀጂ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ጉንፋን ይዟቸው ከመስጊድ ቀርተዋል። ከዚህ በላይ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? አስረስ እየሮጠ ሲደርስ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል። የሀጂ ባለቤት ሃፊዛ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ዋይታውን ሰምታ፣ ማን እንደ ሞተ ሳትጠይቅ ቢላዋውን ጥላ እያለቀሰች ወጥታለች። ሀጂ ሸምሶ ለሰላት የሚታጠቡበትን የዉዱእ ውሃቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

“አሰላሙ አለይኩም። ማነው የሞተው?”

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ አንዱ ደፈር ብሎ፣ “እርስዎ ነዎት፣ ሀጂ” አላቸው።

ሀጂ ሸምሶ ሰውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። “ለካ ለዚህ ነው” አሉ፣ “ከማለዳ ጀምሮ ሻይ የሚሰጠኝ ያጣሁት።”

ሳቁ እዚያው ቢያልቅ ደግ ነበር። እሁድ እድሩ ተሰበሰበ።

ሀጂ ሸምሶ መሐል ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊው ወልደአማኑኤል መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ሳላሀዲን አጥሩ ሥር ቆሟል፤ እድርተኛ ስላልሆነ መቀመጫ የለውም።

“አስረስ” አሉ ሀጂ፣ “ቀልዱን ትተን። ሞት የምንጠራበት ድምፅ አንድ ነው፤ እሱም አንተ ጋ ነው ያለው። ለማሽን ሰጥተኸው ከሆነ ጥሩምባ ነፊነቱን አስረክበንና ሌላ ሰው እንፈልግ። የሰማነው ድምፅ የማን ነው? ያንተ ነው ወይስ የማሽኑ?”

አስረስ ወደ ሳላሀዲን አየ። ሳላሀዲን ፈገግ ብሏል፤ “የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የነፋሁት፣ ስሙት እስቲ ምን እንደ ሆነ” ይላል ብሎ ነው የሚጠብቀው። አስረስም ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ዓለምዘውድ ታየችው፤ አራት ሰዎች መንገድ ላይ አስቀምጠዋት ላባቸውን ሲጠርጉ።

“የማሽኑ ነው” አለ።

“ያንተን ይመስላል እኮ።”

“ማሽን ምን የማይመስለው አለ? የኔን ከአፌ ነው የምትሰሙት።” ጉባኤው ሲያጉረመርም ፈራና ጨመረበት። “እንዲያውም ደንብ ይውጣ። ከእንግዲህ ከሰው አፍ ያልወጣ ጥሩምባ ሲሰማ ማንም ከቤቱ ንቅንቅ እንዳይል። ተጽፎ ይያዝልኝ።”

“ማለፊያ ሐሳብ ነው” አሉ ሀጂ። ወልደአማኑኤል “አቶ አስረስ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት…” ብሎ ጻፈ። አስረስም ፈረመ። ሳላሀዲን በሦስት ቀን ውስጥ ማሽኑን ከሰፈሩ እንዲያወጣ ተወሰነ።

ስብሰባው ሲበተን ሳላሀዲን መንገድ ላይ ጠበቀው።

“ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ ሳንባ የለውም። ውስጡ ያለው የማን ትንፋሽ ነው?”

“ሚስቴ ታማለች” አለ አስረስ።

“እሱን መች አጣሁት?”

ሳላሀዲን ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ወልቂጤ ሄደ። ሙስተፋም የፍሬን ሽቦውን ወደ ሳይክሉ መለሰ።

ከዚያ የመጣው ነገር የሚያስቅ አይደለም። ሚያዝያ ላይ የአስረስ ድድ አበጠ፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ የላይ ጥርሶቹ ወለቁ። ለሌላ ሰው ጥርስ መብያ ነው። ለነፊ ግን ከንፈሩ የሚደገፍበት ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ሲፈርስ ትንፋሹ በክፍተቱ ይፈሳል። በሩን ዘግቶ ሲሞክረው፣ ዓለምዘውድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለማንም አልተናገረም። በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፍኖ መሄድ ጀመረ። እስከ ክረምቱ ድረስ በሰፈሩ ሁለት ሰዎች ሲሞቱ፣ “ጉንፋን ይዞኛል” ብሎ ትራምፔቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በጩኸት ብቻ ዞረ። ሰዎችም፣ “ከሀጂ ተጋብቶበት ነው፤ የእሳቸው ጉንፋን ይገድላል” እያሉ ሳቁ።

ፍልሰታ ጾም ሲገባ ሳላሀዲን ሊጠይቃቸው መጣ። ለዓለምዘውድ ብርቱካን ይዞላት ነበር።

“ወልቂጤ እንዴት ነው?” አለችው።

“ደህና ነው፣ እትዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴሉ ሰው አይችለውም። የጋሼ ጥሩምባ ሲገባ ተነስተው ነው የሚጨፍሩት።”

“ያቺኛው?” አለ አስረስ ደንግጦ። “የለቅሶዋ?”

“እነሱ የለቅሶ መሆኗን በምን ያውቃሉ?”

አስረስ ሲስቅ ጋቢው ከአፉ ላይ ተንሸራተተ። ሳላሀዲን አየ። ከኪሱ ዲስኬት አወጣ።

“ጋሼ፣ ድምፅህ እዚህ ውስጥ አለ፤ እንደ ነበረው ነው። የቸገረህ ቀን ደውልልኝ። ሞንታርቦውን ጭኜ በሁለት ሦስት ሰዓት እደርሳለሁ።”

“የእድሩ ደንብ አይፈቅድም።”

“ማን ያወጣው ደንብ?”

ከአልጋው ላይ ዓለምዘውድ፣ “ተቀበለው” አለች። ተቀበለውና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። እስከ መጨረሻው እዚያው ነበር።

ዓለምዘውድ በዚያው ጾም፣ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አስረስ ዓይኗን ከደነ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈ፣ ነጠላዋን አለበሳት። ከዚያ ማድረግ የሚገባው አንድ ነገር ነበር፤ ዞሮ መጥራት። ግን ሬሳ ብቻውን ትቶ እንዴት ይዙር? የገዛ ሚስቱንስ ስም በየደጁ በየትኛው ጉሮሮ ይጥራ? የሐዘኑ ባለቤት እንደማይጠራ ደንቡ ከእሱ በፊትም የነበረ ነው። ትራምፔቱን ከግድግዳው አወረደና በሩ ላይ ቆመ።

ነፋ።

የወጣው ነገር ስም የለውም። ፉጨት አለበት፣ የምራቅ እንትፍታ አለበት፤ ጣቢያው እንደ ጠፋበት ሬዲዮ ይንጫጫል። ሦስቱ ረጃጅሞች ተቆራርጠው ስድስትም ስምንትም ሆኑ። ከንፈሩን ባዶ ድዱ ላይ አጥብቆ ተጭኖ ሁለተኛ ነፋ፤ ደም ቀመሰ። ሦስተኛ ነፋ። ያቺ እጥፋት አልመጣችም። ዝናቡ የቀረውን በላው።

ገብቶ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠና ጠበቀ።

መጀመሪያ የመጣችው ዛህራ ናት፤ በግድግዳ የምትዋሰነው ጎረቤት፣ ለቅሶውን በአንድ ጡብ በኩል የሰማች። ባሏ ሙባሪክ ተከተለ። ቆይቶ ሙስተፋ ወደ ሥራ ሲያልፍ በሩ ክፍት መሆኑን አይቶ ገባ። ሁለት ሦስት አስተማሪዎች መጡ። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሦስት ሆነ። የእድሩ ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም።

“ጋሽ አስረስ” አለች ዛህራ፣ ነጠላዋን እየተከናነበች፣ “ሰው አልሰማም መሰለኝ። ልሂድና በር በሩን ላንኳኳ።”

“ሰምተዋል።”

“ዝናብ ነው እኮ፤ ምናልባት…”

“ሦስት ጊዜ ነፍቻለሁ፣ ዛህራ። ሰምቶ የቀረን ሰው እጁን ይዤ ለለቅሶ አልጎትትም። ተቀመጪ።”

በልቡ ግን ሌላ ነበር። ያን እሁድ መዋሸቴን ደርሰውበታል፤ በሬሳዋ ላይ እየተበቀሉኝ ነው ይል ነበር። ዛህራ ሙስተፋን በዓይኗ ጠቅሳ ላከችው። ሙስተፋ ሀጂ ሸምሶ ቤት ሮጠ፤ ሀጂ ለሌላ ለቅሶ ጉንችሬ ሄደዋል፣ የድንኳኑ ቁልፍም ከእሳቸው ጋር ሄዷል። ካገኛቸው ሁለት ሰዎች ጋር ተመለሰ። ከቤተክርስቲያን ደግሞ ሰው ተልኮ መጣ፤ ከቅዳሴ በፊት ካልደረሱ ካህናቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይገኙም። “ዘጠኝ ሰዓት ይሁን፣ እንጠብቅ” አለ ሙባሪክ። አስረስ፣ “ማንን?” አለው።

በአምስት ሰዓት ተነሱ። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አራቱ ሴቶች ናቸው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወደ ቤተክርስቲያኑ የሚያወጣው ዳገትም አጭር አይደለም። ከአስተማሪዎቹ አንዱ እግሩ ተንሸራተተ፤ ሳጥኑ ዘመም አለ። ሙስተፋ፣ “አንዴ ቆዩ፣ አንዴ ብቻ” አለ። አስቀመጡት። ዝናቡ ሳጥኑ ላይ ይወርዳል። ሙባሪክ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

አስረስ ከሳጥኑ አጠገብ ጭቃው ላይ ተንበረከከና መክደኛው ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አለ። ምን እንዳላት ማንም አልሰማም። ብድግ ብሎ ራሱ አንዱን ጫፍ ያዘ።

ሊመሽ ሲል ቤቱ ሞላ። ቅዳሴ የሄዱት ከቤተክርስቲያን ጥበቃው ሰምተው ለሌላው ነግረዋል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ ወንዶቹ በሩ ላይ ጫማቸውን እያዩ ቆሙ። ለሁለት ቀብር የሚበቃ ሰው ነበር። ከሁሉ በኋላ ሀጂ ሸምሶ፣ ከጉንችሬ መንገድ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ለብሰው፣ ባለቤታቸውን ሃፊዛን አስከትለው ገቡ። ከአስረስ አጠገብ ተቀመጡ።

“ነፍቼ ነበር፣ ሀጂ” አለ አስረስ። “ሦስት ጊዜ። አልሰሙም?”

“ሰማሁ። ከማለዳው ከሱብሒ ሰላት በኋላ ነው፤ ገና ወደ ጉንችሬ አልተነሳሁም ነበር።”

“ታዲያ?”

“ሃፊዛ ልነሳ አለች። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ አይወጣም፣ እነዚያ ልጆች ማሽናቸውን መልሰው አምጥተዋል፣ ተቀመጪ አልኳት።” ሀጂ የመቁጠሪያ ዶቃቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። “ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው የተባለው።”

አስረስ ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። ሀጂ ክፍተቱን አዩና ዓይናቸውን ወደ ምድር መለሱ።

“ሚስቴን መንገድ ላይ አስቀምጠዋት ላባቸውን ጠረጉ” አለ አስረስ፤ ድምፁ በክፍተቱ እያፏጨ። “ሰው እንደዚህ እንዲቀበር የሚያደርግ ደንብ፣ እስቲ ይንገሩኝ ሀጂ፣ እንዲህ ያለውን ደንብ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚያወጣው?”

ሀጂ ሸምሶ ወደ በሩ፣ ወልደአማኑኤል ወደ ቆመበት አየት አደረጉ።

“መዝገቡ እሱ ጋ ነው” አሉ። “ይነበብልህ?”